የኋላውን በር ላስደፈኑት ለክቡር ሊቀመንበር፣ ለልጄ

ይድረስ ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የሁለቱ ሊፍቶች፣ የጄኔሬተሩና የመኪና ማቆሚያው የበላይ ጠባቂ፣ ጊዜ ሲተርፍዎ ደግሞ የእኔ አንድያ ልጅ ለሆኑት፤

ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ያ ለስላሳ ሶፋ የሚያሳምመው ወገብዎ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተተክለው የሚውሉት ዓይኖችዎ፣ የመኪና መንገድ መጨናነቅ የሚያቃጥለው ጨጓራዎ ሁሉም በያሉበት ደህና እንዲሆኑልዎ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከሚያሰማኝ አቤቱታ በቀር ደህና ነኝ፤ የጉልበቴም አቤቱታ ቢሆን በሥርዓቱ ተጽፎ ስላልቀረበልኝ እስካሁን አላየሁትም።

እናት የወለደችውን ልጅ አንቱ ስትል የሚያይ ጎረቤት «ምን ጉድ ነው?» ሊል ይችላልና አስቀድሜ ላስረዳ። ይህንኑ ጉዳይ ቤት ውስጥ፣ አንተ እያልኩ፣ ጫማዎን ሲያወልቁም፣ ጥርስዎን ሲቦርሹም፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተዘርግተው ሳሉም ደጋግሜ አንሥቼው ነበር። እርስዎም ዓይንዎን ከስልክዎ ሳይነቅሉ «እማዬ፣ ይሄ እኮ የማኅበር ጉዳይ ነው፤ እንደማንኛውም ነዋሪ በጽሑፍ አቅርቢ» ብለው መንገዱን አሳዩኝ። ልክ ነዎት። ልጄን በጽሑፍ ማናገር እንዳለብኝ ሳላውቅ ይህን ያህል ዘመን መኖሬ የራሴ ጥፋት ነውና፣ እነሆ እንደማንኛውም ነዋሪ ቀርቤያለሁ። ደብዳቤው በሊፍቱ መስታወት ላይ የተለጠፈውም ለክፋት አይደለም። የሕንጻችን ሰው የገዛ ፊቱን ለማየት ወደዚያ መስታወት መዞሩ ስለማይቀር፣ እግረ መንገዱን አንድ ሁለት መስመር ያነብልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ ስለ ኋላው በር ነው። በቅርብ የገባችሁ ነዋሪዎች አታውቁት ይሆናል እንጂ፣ ከጄኔሬተሩ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍ አንድ የብረት በር ነበረ፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሲከፈት የሚያቃስት፣ እንደ እኔው ያረጀ በር። ከዚህ ወገን እኛ ነን፤ ከዚያ ወገን ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ቤቶች ያሉበት መንደር ነው። በሩን እንዳለፉ ካሉት ቤቶች በአንዱ ታላቅ እህቴ ተኝታለች። ግራ ጎኗ ከከዳት ወዲህ ከአልጋዋ አትወርድም። ጠዋት ሄጄ አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ አበላታለሁ፤ ማታም እንዲሁ። በበሩ በኩል ሻይ ጥጄ ብሄድ ውሃው ሳይፈላ እደርሳለሁ። በሩ ከተደፈነ ግን ዋናውን አስፋልት ዞሬ፣ ያንን ረጅም የእግረኛ ድልድይ ወጥቼና ወርጄ፣ በገበያው ተጠማዝዤ ነው የምደርሰው፤ ጉልበቴ ደግሞ ድልድዩን ገና ከሩቁ ሲያየው ይለግማል። አንድ ቀን ከቀረሁ ማንም አያገላብጣትም፤ ካልተገላበጠች ጀርባዋ ይቆስላል። የሕንጻችን ደኅንነትና የአንዲት አሮጊት ጀርባ የተገናኙት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ይህችን ሴት ምናልባት ያስታውሷት ይሆናል። እኔ የስልክ ማዞሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ሆኜ የሰውን ድምፅ ከሰው ሳገናኝ ሳድር፣ እርስዎን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችዎ እሷ ናት። አፍ የፈቱ ጊዜ እሷን «ትልቋ እማዬ»፣ እኔን «ትንሿ እማዬ» ብለው የሰየሙን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስሙ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ እንደየሥራችን የወጣ ስም ነው። አሁን የሚቆስለው ጀርባም ያው እርስዎ እንቅልፍዎን የተኙበት ጀርባ ነው።

ወቀሳ አላበዛም። ማኅበርዎ ለዋለልን ውለታ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ የስብሰባ ሥርዓት አመሰግናለሁ። ቀድሞ ነዋሪው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ተሰብስቦ አንዱ ሲቆጣ፣ አንዱ ሲያስቅ፣ አንዱ «ሥነ ሥርዓት!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ ያመሽ ነበር። እርስዎ ይህን ኋላ ቀርነት አስቀርተው አዳራሹን በስልክ የሚታዘዝ ዕቃ መረከቢያ አደረጉልን፤ ስብሰባውን ወደ ስልክ ግሩፕ አዛወሩልን፤ ከሁሉም በላይ «እስከ ነገ ማታ ተቃውሞ ያላቀረበ ነዋሪ እንደተስማማ ይቆጠራል» የሚለውን ደንብ አወጡልን። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል የኖረው ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። በሩ ተደፍኖ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይዋል የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ ሁለት ሦስት አውራ ጣት ተነሣ፤ አንድ ሰው የሚስቅ ፊት ላከ፤ አንዱ «የሚሸጥ ምንጣፍ አለኝ» አለ፤ የተቀረው ዝም። በማግስቱ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ። እኔ መቼም ግሩፑ ውስጥ ከአንድ ቤት የሚገባው አንድ ስልክ ብቻ ስለሆነ የለሁም፤ የእኔም የምራቴም ድምፅ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎም በእኔ ስም ጭምር ተስማምተውልኛል፣ ደግ አደረጉ። ብቻ ዕድሜዬን የሰው ድምፅ በመስማት የጨረስኩ ሴት ነኝና አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። በእኛ ሥራ ከወዲያ ማዶ ድምፅ ሲጠፋ መስመሩ ተቆርጧል ብለን ጠጋኝ እንልክ ነበር እንጂ፣ ደንበኛው ተስማምቷል ብለን አናውቅም። ስንቱን ተስማምቶ የተቀመጠ ሰው በከንቱ ስንረብሽ ኖረናል!

በዚሁ ላይ፣ ምናልባት ሰው ፊት ለፊት ቢጠየቅ አፉ ይከፈት ይሆናል በሚል የሽማግሌ ሐሳብ ተነሥቼ በየበሩ መዞሬን ልናዘዝ። አንዳንዱ በር ላይ ባለች ትንሽ ካሜራ አየኝና ከውስጥ ሆኖ «ማን ልበል?» አለኝ፤ ስሜን ሳልጨርስ ዝም። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደስ ብሎት ከፈተልኝ፤ ዕቃ ያመጣሁለት መስሎት ኖሮ እጄን አይቶ ባዶ መሆኑን ሲረዳ ፊቱ ጠቆረ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወጣት ባልና ሚስት ፊልማቸውን አቁመው በደንብ ካዳመጡኝ በኋላ «እማማ፣ እኛ እኮ ተከራይ ነን፤ አይመለከተንም» አሉኝ። የቤቱ ባለቤት ዘንድ ስደውል ደግሞ «እኔ እኮ እዚያ አልኖርም፤ አይመለከተኝም» አለኝ። የሚኖርበት የማይመለከተው፣ የሚመለከተው የማይኖርበት ቤት እንዴት ያለ ድንቅ ቤት ነው! የአራተኛው ፎቅ መምህርት፣ ልጆችን የዜጋ መብትና ግዴታ የምታስተምር የተከበረች ሴት፣ ሊፍት ውስጥ አግኝታኝ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ «እኔ እኮ በልቤ ተቃውሜያለሁ» ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ልቧን እግዜር ይባርከው። ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም ብላት «ኧረ ማን ይነታረካል? ደግሞስ ምን ለውጥ ሊያመጣ?» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሊፍቱም አራተኛ ፎቅ ሲደርስ በጨዋነት ከፈተላት።

ሁለተኛ፣ ከሌባ ስላዳኑን አመሰግናለሁ። የነገሩ ሁሉ መነሻ መቼም የጠፋው ጫማ ነው። የአምስተኛው ፎቅ የባንክ ባለሙያ ያዘዘው ጫማ ከመረከቢያው ታጣ በተባለ ጊዜ፣ ካሜራው ምንም ሳያሳይ፣ አንድም ሰው ሳይጠየቅ፣ ጣት ሁሉ ወደ ኋላው በር ተቀሰረ። «ከማዶ እየገቡ ነው»፣ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር»፣ «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» ሲባል፣ ያ ዝምተኛ ግሩፕ ያን ዕለት ምላሱ እንዴት እንደተፈታ! እኔ በእርስዎ ትከሻ ላይ አጮልቄ ሳነብ ዓይኔን ማመን ነው ያቃተኝ። በሩ እንዲደፈን ከተወሰነ በኋላ ጫማው ተገኘ። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤታችን በየዕለቱ ካርቶን ስለሚመጣለት የራሱን ከሰው መለየት አቅቶት፣ ወስዶ ካልከፈታቸው ካርቶኖች ጋር ኮሪደሩ ላይ ደርድሮት ኖሯል። ምን ያድርግ ምስኪን፤ ያዘዘውን ሁሉ ልክፈት ቢል ሥራ መልቀቅ ሊኖርበት ነው። «ጫማው ተገኝቷል» ተብሎ ተጻፈ፣ አውራ ጣቶች ተነሡ፣ የሚስቁ ፊቶች ፈሰሱ። ማዶ ያሉትን ሰዎች ሌባ ብለን ነበርና ይቅርታ እንበል ያለ ግን አንድም አልተገኘ። እርስዎም «ውሳኔው ከጸደቀ ወዲህ ወደ ኋላ መመለስ አሠራር ያበላሻል» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል አውቃለሁ፤ ጅብ ሳይኖር ጮኾ፣ ጅብ አለመኖሩን አይቶ፣ አጥር ያጠረ ውሻ ግን ያየሁት እዚህ ሕንጻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መርሳት ጸጋችን። እዚህ የገባን ሰሞን ሊፍቱ ገና አልተገጠመም፤ ቧንቧው ያፏጫል እንጂ አያፈስም። የማዶ ሰዎች ማንም ሳይለምናቸው በዚያች በር ጎንበስ ብለው እየገቡ፣ ጀሪካን እየተሸከሙ ደረጃውን ወጡልን። እህቴ ያኔ ጤነኛ ነበረች። ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ ተሸክማ መጥታ፣ በራችን ላይ ዘፍ ብላ «ደመና ላይ ነው እንዴ ቤት የገዛችሁት?» እያለች ስትስቅ፣ ላብዋን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አሁንም ይታየኛል። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤታችን እናቱ ያረፉ ጊዜ በዚያ ጠባብ ደረጃ ተሸክመው ያወረዱለት የማዶ ጎረምሶች ናቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉም አብረውት ተቀምጠዋል። ከዚያ ታንከር መጣ፣ ጄኔሬተር መጣ፣ ሊፍቱ ተገጠመ፤ የሚያስፈልገን ነገር በስልክ እየታዘዘ በር ድረስ መምጣት ጀመረ። እኛ በተመቸን ቁጥር እነሱ በአፋችን ላይ ይወርዱ ጀመር። መጀመሪያ «ጎረቤቶቻችን» ነበሩ፤ ኋላ «የማዶ ሰዎች» ሆኑ፤ በእርስዎ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ «ማንነታቸው ያልታወቀ ግለሰቦች» ተብለዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉ አባቶች ታንከር ስላልነበራቸው ነው መሰለኝ።

አራተኛ፣ እህቴን ወደ ቤታችን ላምጣት ባልኩ ጊዜ «ያልተመዘገበ እንግዳ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም» የሚለውን ደንብ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ሆነው ሳለ ለእናትዎ ብለው አለመጣስዎ ጽናትዎን ያሳያል። ትርፍ ክፍላችንም ቢሆን ያ የመሮጫ ማሽን የተኛበት መሆኑን አውቃለሁ፤ እስካሁን ሸሚዝ ሲሰቀልበት እንጂ ሰው ሲሮጥበት አላየሁም፤ እህቴም መሮጥ ስለማትችል የክፍሉን ክብር መጠበቁ ይሻላል።

አምስተኛው እርስዎን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ባለፈው የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ዕለት ድምፅ መስጫው ከሕንጻችን ፊት ለፊት፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። አስመራጮቹ እየተያዩ ሲያዛጉ ዋሉ፤ የእኛ ነዋሪዎች ግን በሌሊት ተነሥተው ከጎኑ ያለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ቴሌቪዥን በቅናሽ ነው ተብሏላ! እርስዎም ከሰልፉ መካከል ሆነው እጅዎን አውለበለቡልኝ። ለምን አትመርጥም ብዬ ስጠይቅዎ «እማዬ፣ ማንም ቢመረጥ ያው ነው» አሉኝ። አልዋሹም፤ ያው ሆነ። ያ ማንም ቢመረጥ ያው የተባለው ምክር ቤት ነው ከወራት በኋላ አስፋልቱ ላይ የነበረውን የእግረኛ ማቋረጫ አጥሮ፣ ለመኪና እንዲመች ብሎ፣ ያንን ጉልበቴን የሚያስለግመውን ድልድይ የገተረብኝ። ቴሌቪዥኑም በሰላም ገብቶ፣ የአባትዎ ፎቶግራፍ ወርዶለት ተሰቀለ። አባትዎ መሬት ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሰንብተው ኋላ ከአልጋዬ ሥር ገቡ፤ ቅር እንዳይላቸው ስዕሉ በጣም ጥርት ያለ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ለነገሩ የሕንጻችን ሰው መሰብሰብ አይችልም ብዬ አላማም። ኢንተርኔት የተቋረጠ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ «መብታችን ነው!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መምህርቷም ያን ዕለት ከልቧ አውጥታ ጮኻለች።

ስድስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። ሰው የገዛ ልጁን በቁጥር ሲከስ ይደክመዋል።

ይልቅ ስለ እህቴ ልንገርዎ። በሩ ሊደፈን መሆኑን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ስጨነቅ ከረምኩ። አንድ ጠዋት እያበላኋት፣ ከመልካሙ ልጀምር ብዬ፣ ልጃችን የሕንጻው ሊቀመንበር ሆነ አልኳት። የቀረውን ከአፌ ሳላወጣ በደህናው እጇ ጨመደደችኝና «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ድሮም ሰው እንደሚሆን አውቄዋለሁ» ብላ አለቀሰች። ማኅተም አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት። ማኅተም ካለውማ ትልቅ ሰው ነው ብላ ለብቻዋ ስትስቅ ቆይታ «እንግዲያማ ያቺን በር ያሰፋልን ይሆናላ! አንቺም ጎንበስ ስትይ ወገብሽ አለቀ» አለችኝ። አዎ፣ ሊያሰፋት ነው፣ ግንበኞች ይመጣሉና ድምፅ ስትሰሚ እንዳትደነግጪ አልኳት። ለእርስዎ ክብር ስል በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ።

ግንበኞቹ የመጡት እርስዎ ሥራ ከሄዱ በኋላ ነው። ሥራውን ቢሮዎ ሆነው በካሜራ እንደሚከታተሉት ስለነገሩኝ ልብሴን አስተካክዬ ወረድኩ። በሩን ከነመቃኑ ነቅለው አጥሩ ላይ አስደገፉት፤ ቀጥለው ብሎኬት በብሎኬት ላይ ይደረድሩ ጀመር። ሰው የሚያሳልፍ ያህል ሲቀር፣ ሽማግሌው ግንበኛ የሲሚንቶ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ወደ ሕንጻው ቀና ብሎ «የሚያልፍ ሰው አለ? ልዘጋው ነው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላዘዘውም፤ የሥራው ልማድ ነው መሰለኝ፣ ወይም የእናቱ አስተዳደግ። በሕንጻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቀ ስንት ዘመኑ! መጋረጃዎች ተነቃነቁ፤ አንዲት ሴት አቧራ እንዳይገባባት መስኮቷን ሳበች፤ መምህርቷም በልቧ መልስ ሳትሰጥ አትቀርም። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ሁሉም ተስማማ። ማታ ሲሚንቶው ሳይደርቅ አዲሷ መኪናዎ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆመች። ከሁለቱ አዲስ ማቆሚያዎች አንዱ ለሊቀመንበሩ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላልና፣ እንኳን አልቆጨዎት።

ይህ ደብዳቤ ግድግዳውን ያስፈርሳል ብዬ አላልምም። የሚያነበው ያነበዋል፣ የሚስቅ ይስቃል፣ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሌላው ከሥሩ ምንጣፉን ይሸጣል። አንቱታው ሐዘኔን ይሸፍንልኛል ብዬ ነበር፤ አልሸፈነልኝም። አዝኛለሁ። ክፉ ልጅ ብወልድ ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። እርስዎ ክፉ አይደሉም። ተመችቶዎት ነው።

ከማያልቅ አክብሮትና እያለቀ ከመጣ ጉልበት ጋር፣ ሊፍትዎ ሳይቆም፣ ጄኔሬተርዎ ሳያስነጥስ፣ ያዘዙት ሁሉ ሳይዘገይ በርዎ ድረስ እንዲደርስልዎ እየተመኘሁ፤

የታዛዥነት ሰላምታ የማቀርብልዎ፣ የቀድሞ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ፣ በስድስተኛ ፎቅ በእርስዎ ድምፅ የምትወከለው፣
ትንሿ እማዬ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ግንበኛው «የሚያልፍ ሰው አለ?» ሲል ሁሉም ተስማማ ማለቴ ትክክል አልነበረም። «አለ» ያልኩት እኔ ነኝ። ልብሴን፣ የጉልበቴን ቅባትና የአባትዎን ፎቶግራፍ በአንድ ቦርሳ ይዤ ነበር፤ ካሜራውን ቢያዩት ኖሮ ያዩኝ ነበር። ሽማግሌው እጄን ይዞ አሻገረኝና «እማማ፣ መመለሻዎስ?» አለኝ። ዝም አልኩት። እሱም ዝምታዬን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ዘጋው። ይህን የምጽፈው ከእህቴ አልጋ ጎን ሆኜ ነው። ምራቴ ለሥራ ከከተማ ስለወጣች እሷን አልወቅስም። እርስዎ ግን በመጀመሪያው ማታ «እማዬ፣ ስብሰባ አለብኝ፣ እራት አዝዤልሻለሁ» ብለው ጻፉልኝ፤ በማግስቱ «ደህና ነሽ አይደል?» አሉኝ፤ መልስ ሲያጡም የክፍሌን በር በማንኳኳት ፈንታ «ተኝተሻል ማለት ነው» ብለው ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እራት ብቻ መጣ። እራቱ መረከቢያው ላይ ሲቀመጥ፣ እዚህ ማዶ የሚኖረው የሕንጻችን ዘበኛ፣ ያ ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ፣ በድልድዩ ዞሮ ያመጣልናል። ለሁለት ይበቃል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን የለጠፈውም እሱ ነውና እባክዎ እንዳይባረር።

አሁን አንተ ልበልህና ልጨርስ። ማታ መኪናህን ስታቆም ድምፅዋ እዚህ ድረስ ይሰማል። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ ሞተሩ ሲጠፋ «ልጃችን ገባ፣ እሰይ በሰላም ገባ» ትላለች፤ እንቅልፍ የሚወስዳት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ብቅ እንደማትል ስትጠይቀኝ በሩን እያሰፋው ነው እላታለሁ። ዛሬ ስትገባ አንድ ጊዜ ጥሩምባ ንፋላት፤ ሌላ ምንም አልለምንህም። ዝም ብትል ግን፣ የእናንተ ደንብ እዚህ ማዶ አይሠራምና፣ ተስማማ አንልም። መስመሩ ተቆርጧል ብለን መብራታችንን አጥፍተን እንተኛለን።